አሥራ ሦስቱ ኩሽኔታ የት ገባ? ቱሉ ዲምቱ ላይ የተፈቱት ሁለት ሪሎች

ነገሩ የጀመረው ቆቃ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ፣ እኔና ጓደኛዬ ከቱሉ ዲምቱ በሌሊት ተነስተን ዓሣ ልናጠምድ ጎህ ሲቀድ ውሃው ዳር ደረስን። እኔ የያዝኩት ከመርካቶ በ2,400 ብር የገዛሁትን ሪል ነው፤ ሪል ማለት የማጥመጃው ዘንግ ላይ ታስሮ ክሩን የሚጠቀልለው ዕቃ ነው። እሱ የያዘው አጎቱ ከአሜሪካ ያመጡለትን ነው። የእሱ ዓይነት ሪል በውጭ ገበያ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። የሁለቱንም ስም አልጠራም። ጉዳዩ የስም አይደለም።

ሦስት ሰዓት ገደማ መንጠቆዬን አምባዛ ጎረሰው። ከባድ ነው። ዘንጉን ቀና አድርጌ መጠቅለል ስጀምር ከሪሉ ሆድ ውስጥ እንደ ቡና ወፍጮ የሚያንገራግር ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ የባሰው መጣ። እጀታው በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ጣቴን መታኝ። ክሩ ላላ። አምባዛው ሄደ።

ጓደኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። "እኔ ነግሬህ ነበር፣ ያ ነገር መጫወቻ ነው" አለ።

"ሳጥኑ ላይ 12+1 ኩሽኔታ ይላል። ያንተ ስንት አለው?"

"ሰባት።"

"እና?"

እናውን የሚመልስ ከመሃላችን አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስንከራከር መጣን። በመጨረሻ ሁለቱንም ሪሎች ፈትተን ውስጣቸውን ጎን ለጎን ልናይ ተስማማን። እሱ የራሱን ለማስፈታት እሺ ያለው ሦስት ቀን ካሰበበት በኋላ ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች የብስክሌት ጋራዥ አለች። ባለቤቱ ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው። ዓሣ የሚያውቁት ሳህን ላይ ብቻ ነው። ግን ጥርስ፣ ሞላና ኩሽኔታ ያለበትን ነገር ሁሉ ያውቃሉ። ሪሎቹን ተራ በተራ አገላብጠው አዩና "ይቺ የብስክሌት የልጅ ልጅ ናት" አሉ።

ቀልድ መስሏቸው ነው እንጂ እውነታቸውን ነው። ብስክሌት ጠጋኝ ሁሉ የሚያውቀው ሺማኖ በአውሮፓ አቆጣጠር 1921 ጃፓን ውስጥ ሳካይ ከተማ ሲቋቋም መጀመሪያ የሠራው የብስክሌት የኋላ ጥርስ ነው። ወደፊት ስትረግጠው የሚይዘው፣ ወደኋላ ሲሆን የሚለቀው ማለት ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ውስጥ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1970 ነው። ይህንን ስነግራቸው ጋሼ አልተገረሙም። "ታዲያ ሌላ ምን ሊሠራ ኖሯል?" አሉኝ።

ከመፍታታችን በፊት አንድ ሙከራ አደረግን። ሐሳቡ የጋሼ ነው። የሪሉን እግር ሞርሳ ላይ አሰሩት። ጣሪያው ላይ አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ሰቅለው ክሩን በላዩ አሳለፉ። ጫፉ ላይ ውሃ የተሞሉ ሁለት ባለ2 ሊትር ሃይላንዶች አንጠለጠልን። አራት ኪሎ መሆኑ ነው።

ያለ ጭነት ሁለቱም ሪሎች ለስላሳ ናቸው። እንዲያውም የኔው ይበልጥ ለስላሳ ነው ብል አላጋነንኩም። ሃይላንዶቹን ስንሰቅል ግን ነገሩ ተለወጠ። የጓደኛዬ ሪል ትንሽ ከበደ እንጂ ድምፅ አልነበረውም። የኔው የቆቃውን የቡና ወፍጮ ይዞ መጣ። እግሩና አካሉ የሚገናኙበት ቦታ በዓይን እስኪታይ ጎበጠ።

ያኔ ጋሼ አውራ ጣታቸውን የሪሉ የጎን ክዳን ላይ አሳርፈው ጫን አደረጉት። "አሁን አዙር።"

አዞርኩ። ድምፁ ጠፋ። ጣታቸውን ሲያነሱ ተመለሰ።

የጥያቄው መልስ ግማሹ ሳይፈታ እዚያው ወጣ። ሱቅ ውስጥ ቆመን እጀታውን በባዶው አሽከርክረን "ምን የመሰለ ሪል ነው" የምንለው ነገር ዋጋ የለውም። ባዶ ሪል ሁሉ ጥሩ ሪል ነው። ጭነት ሲመጣ ጥርሶቹ እርስ በርስ ለመገፋፋት ይሞክራሉ። አካሉ ካልያዛቸው ይራራቃሉ። ጥርስ በጫፉ ብቻ ሲነካካ ደግሞ ይበላል።

ካቻቪቴ ይዘን የኔውን ጀመርን። አካሉ ፕላስቲክ ነው። የጎን ክዳኑን የያዙት ሦስት ብሎኖች የተቀበሩት ቀጥታ ፕላስቲኩ ውስጥ ነው። ሁለቱ ላሽቀዋል። አንዱን እኔ ራሴ ሳላሽቀው አልቀረሁም፤ ከዚህ በፊት አንዴ ከፍቼው ነበር። ስለዚህኛው በኋላ እመለስበታለሁ።

ውስጡ ያለው ግራሶ ጥቁር ግራጫ ሆኗል። ጋሼ በጣታቸው አሻሽተው ወደ ብርሃን አቀረቡት። ያብለጨልጫል። "ይሄ ግራሶ አይደለም፤ ጥርስህ ነው" አሉ። በቤንዚን ስናጥበው ዋናው ጥርስ፣ ማለትም እጀታው የሚያዞረው ትልቁ፣ በአንድ ጎኑ ተልጦ አገኘነው። 52 ጥርስ አለው። እሱ የሚያዞረው ትንሹ 10 ነው። እጀታው አንዴ ሲዞር ክር ጠቅላዩ 5.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሳጥኑ ላይም 5.2 ይላል። ቢያንስ እዚህ ላይ አልዋሸም።

ቀጥሎ ኩሽኔታ ቆጠራ ገባን። እንደ ሰርግ ስጦታ አንድ በአንድ ጋዜጣ ላይ ደረደርናቸው። ትልቁን ጥርስ ግራና ቀኝ የያዙ ሁለት። ትንሹን ጥርስ ከፊት የያዘ አንድ። እጀታው ጫፍ ላይ ያለው መያዣ ውስጥ አንድ። ከዚያ ወደኋላ መዞርን የሚከለክለው፣ "+1" የሚባለው። በቃ። አምስት! አሥራ ሦስት የተባለው አምስት ሆነ። ሌሎቹ ቦታዎች ላይ የፕላስቲክ ቀለበት ነው ያለው፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ቀለበትም የለም፣ ባዶ ቀዳዳ ነው።

ተናደድኩ። ጋሼ ግን ቁጥሩ አልገረማቸውም። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነው። ትንሹን ጥርስ አነሱና "ይሄን ከፊት በኩሽኔታ ይዘውታል። ከኋላ ማን ያዘው?" አሉ። ማንም። ከኋላ የገባው ፕላስቲክ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል። ክብ የነበረው እንቁላል ሆኗል።

"ብስክሌት ላይ ፔዳሉ የሚዞርበትን አክስል በአንድ ጎን ብቻ በኩሽኔታ ብትይዘው ምን ይሆናል?"

"ይወላውላል።"

"አዎ። ይሄው ወላወለ።"

የጓደኛዬን ሪል ለመፍታት ስንነሳ ጋሼ እጀታውን ለመንቀል ፒንሳ አነሱ። ጓደኛዬ ከመቀመጫው ብድግ አለ። የእንደዚህ ዓይነቱ ሪል እጀታ ቀጥታ ጥርሱ ውስጥ የሚጠመዘዝ ነው። ወደኋላ ስታዞረው ጥርሱ በአንድ አቅጣጫ መያዣው ተይዞ ይቆማል፤ እጀታው ብቻ ይፈታል። የኔው ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ ነው፤ ከወዲያኛው ጎን በብሎን ይታሰራል። ልዩነቱን ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም። እጀታውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ይበቃል። የኔው ይንቀጫቀጫል። የእሱ አይነቃነቅም።

የእሱ አካል አሉሚኒየም ነው። ብሎኖቹ ብረት ለብረት ናቸው። ክዳኑ ሲነሳ ትንሽ "ጵ" የምትል ድምፅ አሰማ፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን የጎማ ጓርኒሲዮን አለው። ስድስት ዓመት ያገለገለ ሪል ነው። ግራሶው ጠቁሯል፣ ግን አያብለጨልጭም። ሰባቱ ኩሽኔታዎች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ትንሹ ጥርስ ከፊትም ከኋላም ተይዟል። ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ ተሽከርካሪ ውስጥም አንድ አለ። ከትልቁ ጥርስ ስር ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ሁለት የነሐስ ሮንዴላዎች አገኘን። ጋሼ እነሱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ሰው የሠራው ነው ይሄ" አሉ።

ይህችን ላብራራ። ፋብሪካ የሚወጣ ጥርስ ሁሉ በትክክል አንድ ዓይነት አይሆንም። በጥቂቱ ይለያያል። ውዱ ሪል ሲገጣጠም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጥርሶቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚነካከሱ አይቶ፣ እነዚያን ቀጫጭን ሮንዴላዎች እየጨመረና እየቀነሰ ያስተካክለዋል። ርካሹ ላይ ያ ጊዜ የለም። የዋጋው አንድ ትልቅ ክፍል ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ብረቱ ሳይሆን ደቂቃው።

ስለ ብረቱም ግን ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም እኔ ተታልዬበት ነበር። ሱቅ ውስጥ የኔው ሪል እጅ ላይ ከበድ ሲለኝ "ጠንካራ ነው" ብዬ ነው የገዛሁት። የጓደኛዬ ባለቤት ኬክ የምትመዝንበትን ዲጂታል ሚዛን ተውሰን ሁለቱን ትልልቅ ጥርሶች መዘንናቸው። የኔው 21 ግራም፣ የእሱ 12። መጠናቸው ግን ተቀራራቢ ነው። የኔው ቀልጦ ቅርፅ ውስጥ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው። እንዲህ ያለው የዚንክ ቅይጥ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 6.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7 ብቻ። የከበደኝ ጥንካሬው ሳይሆን ዚንኩ ነበር። የእሱ ተቀጥቅጦ ከተቀረፀ ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ትንሹ ጥርስ ሁለቱም ላይ ነሐስ ነው።

ዚንክ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ደህና ሪሎች የዚንክ ጥርስ አላቸው፤ ዓመታት ይሠራሉ። የኔውን የበላው ዚንክነቱ ብቻ ሳይሆን ዚንኩን የያዘው ፕላስቲክ መላወሱ ነው።

አሁን ወደ ጣቴ። እጀታው ለምን ወደኋላ ዞረ? የድሮ ሪሎች ወደኋላ መዞርን የሚከለክሉት እንደ ብስክሌት የኋላ ጥርስ በጥፍር ነበር። ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እስኪይዝም ትንሽ ወደኋላ ይሄዳል። የዛሬዎቹ በትንንሽ ሲሊንደሮች ይሠራሉ። ወደኋላ ሊዞር ሲል ሲሊንደሮቹ እየጠበበ በሚሄድ ቦይ ውስጥ ገብተው ይወተፋሉ። ወዲያው ይይዛል። ወደ ቦዩ የሚገፏቸው ፀጉር የሚያካክሉ ሞላዎች ናቸው።

ጋሼ የኔውን ከፈቱ። በግራሶ ጢም ብሏል።

"ይሄን ማን ሞላው?"

ዝም አልኩ። ቅድም አንዴ ከፍቼው ነበር ያልኩት ያኔ ነው። ከክረምቱ በፊት "ሰርቪስ ላድርገው" ብዬ ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ የመኪና ግራሶ ሞልቼዋለሁ። እነዚያ ጭራሮ ሞላዎች ወፍራም ግራሶ ገፍተው ሲሊንደሮቹን ማንቀሳቀስ አይችሉም። ስለዚህ ያንሸራትታል። አምባዛዬን ያስመለጠው ፋብሪካው ሳይሆን እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ የሳቀው ቆቃ ላይ ከሳቀው ይበልጣል።

ክፍሉን በቤንዚን አጥበን፣ አድርቀን፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ አልተንሸራተተም። ዋጋው ዜሮ ብር።

ፍሬኑ ላይ ልዩነቱ የጠበቅነውን ያህል ነው፤ ብዙ አልቆይበትም። ዓሣው ሲጎትት ክር እየሰጠ የሚያደክመው እሱ ነው። የሽንኩርት ነጋዴ የእጅ ሚዛን ክሩ ላይ አስረን ጎተትን። የኔው መጀመሪያ ግትር ይላል፤ 3 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ድንገት ይለቅና ወደ 2 ይወርዳል። ቀጭን ክር የሚበጥሰው ያ ግትርታ ነው። የእሱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ውስጡ ተደራርበው የተቀመጡ የካርቦን ሮንዴላዎች አሉ። የኔው ውስጥ ያለው አንድ የደረቀ የሱፍ ቁራጭ ነው። ሱፉን አጥበን ጥቂት ግራሶ ስንቀባው ግትርታው ግማሽ ያህል ቀነሰ። ይህ እንግዲህ ግራሶ የሚያስፈልገው ቦታ ነበር፤ እኔ ያልነካሁት ብቸኛ ቦታም እሱ ነው።

ክሩን ከላይ ወደታች እያመላለሰ የሚያስተኛው ክፍልም ይለያያል። የኔው ላይ አንዲት ጥርስ ያላት ክብ አለች፤ ላይዋ ላይ ያለች ጉብታ ዘንጉን ትገፋለች። ጫፍና ጫፍ ላይ ስትደርስ ስለምትዘገይ ክሩ እዚያ ይከመራል። የእሱ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠመዘዘ ዘንግ አለ፤ ክሩ እኩል ይተኛል። ጓደኛዬ በዚህ በጣም ኮራ። እኔ ብዙም አላስደነቀኝም። በጥንካሬያቸው የሚወደዱ አንዳንድ ሪሎች ሆን ብለው ያንን ቀላሉን አሠራር ይጠቀማሉ፤ ዕቃ ባነሰ ቁጥር የሚበላሸውም ያንሳል።

የኔውን ሪል ጋሼ እንዲህ አደረጉት። ሞላላ የሆነውን ቀዳዳ ከናይሎን በተላገ ቀለበት ሞሉት። የላሸቁትን ብሎኖች ወፈር ባሉ ሌሎች ለወጡ። ከዚያ ባዶ የቢራ ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጠው ቀጭን ሮንዴላ ሠሩ። የቆርቆሮው ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልክ የሚፈለገው ነው። ሁለት ስናስገባ እጀታው ጠጠረ፤ አንዱን አወጣን፣ ተስተካከለ። ሃይላንዶቹን መልሰን ሰቀልን። የቡና ወፍጮው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የተበላ ጥርስ አያበቅልም። ግን ከማንገራገር ወደ ማጉረምረም ወረደ።

የጓደኛዬ ሪል አልቆ ሊገጣጠም ሲል ነው ጋሼ ያቺን ክሩ የሚያልፍባትን ትንሽ ተሽከርካሪ በጥፍራቸው የሞከሩት። አትዞርም። ውስጧ ያለው ኩሽኔታ ዝጎ ደርቋል። ክሩ ስድስት ዓመት ሙሉ እየዞረባት መስሎን ነበር፤ ምናልባት ከዓመት ወዲህ እየተፋተጋት ነው የሚያልፈው። ተሽከርካሪዋ ላይ ቀጭን ቦይ ተቆርጧል። ውሃ መጀመሪያ የሚያገኛት እሷን ነው፤ በየትኛውም ሪል ላይ ቶሎ ከሚሄዱት ቦታዎች አንዷ ናት። ሁለታችንም ከምኑም በላይ የምንመካበት ሪል ላይ ያገኘነው ብቸኛ ችግር በጣት ሊታወቅ የሚችል ነበር፤ ማናችንም ነክተናት አናውቅም።

የኩሽኔታዋ ልክ ውስጧ 4፣ ውጪዋ 7፣ ወርዷ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጓደኛዬ ሁለት ቅዳሜ መርካቶን ዞረ። የሞተር አለ፣ የባጃጅ አለ፣ የውሃ ፓምፕ አለ። እንዲህ ያነሰ የለም። የኔ ሪል ቢሞት ሌላ አንድ ዓይነቱን ገዝቼ ሁለቱን አንድ አደርጋለሁ። የእሱ ግን ለአንዲት ከምስር ብዙም ለማትበልጥ ዕቃ አሜሪካን መጠበቅ አለበት። ውድ ሪል ስንገዛ የምናስበው ስለ ጥርሱ ነው። አዲስ አበባ ዳር ላይ ቁጭ ብለህ ግን መጠየቅ ያለብህ "ይቺ ስትሄድ ከየት አመጣለሁ?" የሚለውን ነው።

ጋሼ መፍትሔ ነበራቸው። ከእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጠው ቀለበት እንሥራላት አሉ። ርካሽ ሪሎች ላይ ያለው ያው ፕላስቲክ ነው፤ ዘይት ከተደረገለት ይዞራል።

"በዚህ ሪል ላይ?" አለ ጓደኛዬ። "የእስክሪብቶ ቀፎ? አይሞከርም ጋሼ።"

"እሺ ልጄ። ሪሉም መሳቢያ ውስጥ ይረፍ።"

ታኅሣሥን በሙሉ አብሮኝ ሄደ፤ ያለ ሪል። ጥር ላይ እኔ በጥገናው ሪል አራተኛ ጉዞዬን ስሄድ ሦስት ቆሮሶና አንድ ደህና አምባዛ አወጣሁ። ሪሉ እያጉረመረመ ጠቀለለ። እሱ ዳር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ጋራዧ ጋ አየሁት። አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል። ጋሼ አንድም ቃል ሳይናገሩ መቀስና ሞረዳቸውን አነሱ። አጎቱ ኩሽኔታዋን ለፋሲካ ሲመጡ ይዘውለት መጡ። እስካሁን ከነላስቲኳ መሳቢያ ውስጥ ናት። ቀፎው እየሠራ ነው።